ባንኮክ ለብቻ፣ 4 ሌሊት፤ ከአውሮፕላን ደረጃ እስከ አልጋ ምን በምን ይቀድማል?

አደይ_አበባ (ጥያቄውን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በኅዳር መጨረሻ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ 4 ሌሊት ነው። ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው፣ ኢ-ቪዛው ወጥቶልኛል፣ ቲኬቱ ደርሶ መልስ ነው። ሆቴል ገና አልያዝኩም።

የትኛው ቦታ ያምራል ብዬ አይደለም የምጠይቀው። ከወረድኩበት ደቂቃ ጀምሮ ምን በምን እንደሚቀድም ነው የጨነቀኝ፦ ወረቀቱ፣ ገንዘቡ፣ ባቡሩ፣ ስልኩ። ጾመ ነቢያት ላይ ስለሚውል የሚበላውንም የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የቦሌ_መንገደኛ

ከወረቀቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ሰዓቱን የሚያቃጥለው እዚያ ነው።

ታይላንድ የቢጫ ወባ ክትባት ከምትጠይቃቸው አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ስለዚህ ቢጫዋን የክትባት ደብተር ከፓስፖርትሽ እኩል ያዣት፤ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አትክተቻት። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋሽ 10 ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የተከተበ ሰው ደብተር ይዞም አይረባውም። ቀድሞ የተከተበ ደግሞ 10 ዓመት አለፈኝ ብሎ አይጨነቅ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንዱ መርፌ ዕድሜ ልክ ይጸናል።

ሱቫርናቡሚ፣ የባንኮኩ ኤርፖርት፣ ስትደርሺ ሕዝቡ የሚጎርፈው ወደ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ነው። አትከተያቸው። ከዚያ በፊት «ሄልዝ ኮንትሮል» የሚል ጠረጴዛ አለ። እዚያ ደብተሯን አይተው፣ ፎርም አስሞልተው ማህተም ይመቱልሻል። ያለዚያ ማህተም መስኮቱ ላይ ብትደርሺም ይመልሱሻል፤ ከዚያ ሰልፉን ከጅራቱ እንደገና መያዝ ነው።

ሁለተኛው ቲዳክ የሚሉት ዲጂታል የመግቢያ ካርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም የውጭ ዜጋ ግዴታ ሆኗል። ከመድረሻሽ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ይሞላል። ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመሽ የታይላንድ ኢሚግሬሽን አይደለምና ውጪበት። የበረራ ቁጥርና የመጀመሪያውን ሌሊት አድራሻ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ሆቴሉ ከዚያ በፊት መያዝ አለበት። የሚላክልሽን ኪውአር ኮድ በስክሪንሾት አስቀምጪ፤ ስትወርጂ ኢንተርኔት ላይኖርሽ ይችላል። ኢ-ቪዛውን፣ የመመለሻ ቲኬቱንና የሆቴሉን ማረጋገጫ በወረቀት አትሚ።

ሒሳብ_ወዳድ

ገንዘብ። ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ዶላር ወይም ዩሮ ይሁን። የ100 ዶላር ኖት ከ20 እና ከ10 ኖት የተሻለ ምንዛሬ ያገኛል። እስክሪብቶ የነካው፣ ማህተም ያረፈበት ወይም ጫፉ የተቀደደ ኖት አይቀበሉም፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትረከቢ እዚያው ገንዘብ ከፋዩ ፊት አንድ በአንድ አገላብጠሽ እዪ።

ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ 2ኛው ፎቅ ላይ የተደረደሩት የባንክ መስኮቶች ዓይን ይስባሉ፤ ምንዛሬያቸው ግን ዝቅ ያለ ነው። በአሳንሰር እስከ ምድር ቤቱ ውረጂ፤ «ቢ» የሚለው ፎቅ ነው። ባቡሩ መግቢያ አጠገብ እንደ ሱፐርሪች ያሉ መንዛሪዎች አሉ፣ ከከተማው ዋጋ ብዙም አይርቁም። በ100 ዶላር ላይ ያለው ልዩነት የአንድ ቀን ምሳና እራት የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ፓስፖርት ይጠይቃሉ።

ኤቲኤም በውጭ አገር ካርድ ስታወጪ የታይ ባንኩ በእያንዳንዱ ጊዜ 220 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ይቆርጣል፤ ያወጣሽው ገንዘብ 1000 ይሁን 20,000 ለውጥ የለውም። ስለዚህ ደጋግመሽ ትንሽ ትንሽ አታውጪ። ማሽኑ ሒሳቡን በካርድሽ አገር ገንዘብ ላስላልሽ ካለ እምቢ በይ፣ በባህት ይሁን፤ ሲቀበሉት የሚመጣው ምንዛሬ የተበላሸ ነው።

1000 ባህት ኖት ይዘሽ ታክሲ አትግቢ። ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ ገብተሽ በ10 ባህት ውሃ ገዝተሽ ዘርዝሪው። ሌላም ልጨምር፤ ኖቱ ላይ የንጉሡ ምስል አለና የወደቀ ብር በእግርሽ ረግጠሽ አታስቁሚ።

ሐዲድ

ባቡሩን እኔ ልንገርሽ። የጻፍኩት ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከዚያው ከምድር ቤት የሚነሳው የኤርፖርት ሬል ሊንክ ከንጋቱ 11፡30 ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ፓያ ታይ ዋጋው 45 ባህት ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ማሽኑ ክብ የፕላስቲክ ቶክን ይሰጥሻል። ስትገቢ በሩ ላይ ታስነኪዋለሽ፣ ስትወጪ ቀዳዳው ውስጥ ትጨምሪዋለሽ። መሐል ላይ የጠፋባት ሰው ቅጣት ትከፍላለች፤ ከሳንቲም ጋር አትቀላቅያት።

የት መውረድ እንዳለብሽ የሚወስነው ሆቴልሽ ነው። ሲያም፣ ራቻቴዊ፣ አሪ አካባቢ ከሆነ እስከ ፓያ ታይ ሄደሽ ቢቲኤስ ወደሚባለው የከተማ ባቡር ትቀይሪያለሽ። አሶክ አካባቢ ከሆነ ግን ማካሳን ላይ ውረጂ፤ በድልድዩ ተሻግረሽ የሌላውን የከተማ ባቡር፣ የኤምአርቲን፣ ፔቻቡሪ ጣቢያ ታገኚያለሽ፣ ከዚያ አንድ ፌርማታ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ እስከ ፓያ ታይ ይሄድና ወደኋላ ይዞራል።

ቢቲኤስ ከላይ በድልድይ የሚሄደው ነው፣ ኤምአርቲ አብዛኛው ከምድር በታች ነው። ድርጅቶቹ የተለያዩ ናቸው፣ ቲኬታቸውም አይወራረስም። አሶክ ላይ ጣቢያዎቹ አንድ ቦታ ሆነው ስማቸው ይለያያል፦ ቢቲኤሱ አሶክ፣ ኤምአርቲው ሱኩምቪት። ሳላ ዴንግና ሲሎም፣ ሞ ቺትና ቻቱቻክ ፓርክም እንደዚያው ናቸው። ካርታ ላይ ሁለት ስም አይተሽ ሁለት ቦታ እንዳይመስልሽ።

ኤምአርቲ ላይ ንክኪ የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በቀጥታ በሩ ላይ ይሠራል። የገባሽበትን ራሱን ካርድ ስትወጪም አስነኪ፤ በፕላስቲኩ ገብተሽ በስልክሽ ብትወጪ ሲስተሙ የሚያይሽ ሁለት ሰው አድርጎ ነው። ለቢቲኤስ ራቢት ካርድ አለ፣ ማውጫው 100 ባህት ሆኖ ሒሳብ ይጨመርበታል፣ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ለ4 ቀን ግን ከማሽኑ የነጠላ ቲኬት መግዛት ይበቃል፤ ራቢት የሚጠቅመው ማሽን ፊት ያለውን ሰልፍ ለመዝለል ነው። ሁለቱም ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው።

ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1፡30 ትልቅ ሻንጣ ይዘሽ አትሳፈሪ። በሩ ድረስ ጥቅጥቅ ይላል።

አደይ_አበባ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማደሪያውንስ? ካኦ ሳን የሚሉት ሠፈር ርካሽ ነው ይላሉ።

ሶይ_ቆጣሪ

ርካሽ ነው፣ ግን ባቡር አይደርሰውም። ቅርብ የሚባሉት የኤምአርቲ ጣቢያዎች ሳም ዮትና ሳናም ቻይ ናቸው፣ ሁለቱም በሙቀት በእግር ይርቃሉ፤ መንገዱም እስከ ንጋት ሙዚቃ ነው። ብቻዋን ለምትመጣ ሴት ከጣቢያ 500 ሜትር ሳይርቅ መያዝ ከማንኛውም የሆቴል ኮከብ ይበልጣል። ፓያ ታይ፣ ራቻቴዊና አሪ ጸጥ ያሉ ናቸው። ናና፣ በተለይ ሱኩምቪት ሶይ 4፣ የምሽት ቤት ሠፈር ነው፤ ባትይዢው ይሻላል።

አድራሻውን ስታነቢ ይህን እወቂ። ሶይ ማለት ከዋናው መንገድ የሚገባ ቅያስ ነው። ጎደሎ ቁጥሮቹ በአንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው ናቸው፤ ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል አይሮጡም። የቶንግ ሎ መግቢያ ሶይ 55 ሆኖ ፊት ለፊቱ ያለው ሶይ 38 ነው። «ሶይ 38 ላይ ነኝ፣ 39 ማዶ ይሆናል» ብሎ የተሻገረ ሰው ኪሎ ሜትር ይሳሳታል። ሆቴሉን በታይ ፊደል የተጻፈ አድራሻና ስልክ ጠይቂያቸው፤ ስልክሽ ላይ ፎቶ አድርገሽ አስቀምጪ። በላቲን የተጻፈ የሶይ ስም ማንበብ የሚቸግረው ሾፌር ብዙ ነው።

ሶኬቱ የእኛን ክብ ሁለት ጥርስ ይቀበላል፣ 220 ቮልት ነው።

ባለ_ሻንጣ

በሐዲድ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከአንድ ሌሊት በረራ በኋላ ሁለት ሻንጣ ላላት ሰው ሁለት ጊዜ ባቡር መቀየር ድካም ነው፤ አሳንሰር የሌለው መውጫ ላይ የጣለሽ ዕለት ታለቅሻለሽ። ሻንጣሽ አንዲት ብቻ ከሆነች ባቡር፣ ካለዚያ ታክሲ።

ታክሲው 1ኛው ፎቅ ከበሩ ውጭ ነው። ማሽኑን ስትጫኚ የመቆሚያ ቁጥር ያለው ወረቀት ይወጣል፤ እዚያ ቁጥር ላይ የቆመው መኪና ያንቺ ነው። ወረቀቱን ለሾፌሩ አሳይው እንጂ አትስጪው፤ ዕቃ ብትረሺ ወይም አቤቱታ ቢኖርሽ መኪናውን የምታገኚው በእሱ ነው። ሒሳቡ ሦስት ነገር ነው፦ ከ35 ባህት የሚነሳው ሜትር፣ የኤርፖርቱ 50 ባህት፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያ። የመንገዱን ክፍያ ዳሱ ላይ ተሳፋሪዋ ትከፍላለች፣ ስለዚህ ሃያና ሃምሳ ኖት ይኑርሽ። «ሜትር አይሠራም፣ 700 ክፈይ» ካለ ሳትጨቃጨቂ ወርደሽ ሌላ ወረቀት አውጪ።

ከተማ ውስጥ ደግሞ መኪና ከመግባትሽ በፊት መስኮቱ ላይ «ሚተር?» ብለሽ ጠይቂ። ግራብ ወይም ቦልት የሚባለው የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ካለሽ ዋጋው አስቀድሞ ይታያል፣ በጥሬ ገንዘብም ይከፈላል። መተግበሪያውን ግን አዲስ አበባ ሆነሽ በራስሽ ቁጥር አስመዝግቢ፤ የማረጋገጫው ኤስኤምኤስ እዚያ ባይገባልሽ ሥራ ታቆሚያለሽ። ሲም ካርድ ፓስፖርት ይዞ ኤርፖርቱ ውስጥ ይገኛል፣ ስልክሽ ከተቀበለ ደግሞ ኢሲም፣ ካርድ የሌለውን ዲጂታል ሲም፣ ከቤትሽ ጭነሽ ሂጂ።

የጾም_ማዕድ

የጾሙ ነገር ለእኔ ይሁን። እህቴ፣ ባንኮክ ለጾመኛ ጥሩ ከተማ ናት፤ ቃሉን ካወቅሽው።

ቃሉ «ጄ» ነው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ቡድሂስቶች የሚጾሙት ጾም ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርትም አይገባበትም። ቤቶቹ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ይሰቅላሉ፤ ከሩቅ 17 ቁጥርን ይመስላል። ያንን ካየሽ ግቢ። ሰቨን ኢለቨን ውስጥም የታሸገ ምግብ ላይ ይኸው ምልክት አለ። «ቻን ጊን ጄ ካ» በይ፤ ወንድ ከሆነ «ፖም ጊን ጄ ክራፕ» ይላል። «ማንግሳዊራት» የሚለውን ቃል ግን ተጠንቀቂ፤ እሱ ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፣ እንቁላልና ወተት ይገባበታል።

ተራ ምግብ ቤት ውስጥ «ሥጋ አታድርጉ» ማለት አይበቃም። ምክንያቱም ጨው በሚገባበት ቦታ የሚገባው ናም ፕላ፣ የዓሣ መረቅ ነው። ፓድ ታይ እንቁላልና ደረቅ ሽሪምፕ አለው። ሶም ታም የሚሉት የፓፓያ ሰላጣ ሽሪምፕም ናም ፕላም አለበት። አረንጓዴ ጎመን መስሎ የሚቀርበው ጥብስ ቅጠል የኦይስተር መረቅ ይፈስበታል። ሶም ታሙን «ማይ ሳይ ናም ፕላ» ብለሽ ያለ መረቁ ማሠራት ትችያለሽ፣ ዓይንሽ እያየ ስለሚወቀጥ። ቀይና አረንጓዴ ካሪ ግን አይሆንም፤ ካፒ የሚባለው የሽሪምፕ ድልህ ከቅመሙ ጋር አብሮ ተወቅጦ ያደረ ነው፣ ማንም ሊያወጣው አይችልም።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ብዙዎቹ የጄ ቤቶች ጠዋት ከፍተው ምሳ እንዳለፈ ወጡ አልቆ ይዘጋሉ። ለዚያ ሰዓት የሚያድኑሽ የገበያ ማዕከላት ውስጥ ያሉት የምግብ አዳራሾች ናቸው፤ አሶክ ላይ ተርሚናል 21 ውስጥ ያለው ፒየር 21 ርካሽ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ ሰጥተሽ ካርድ ታስሞያለሽ፣ በካርዱ ትበያለሽ፣ የተረፈውን በዚያው ቀን ይመልሱልሻል።

በኮኮናት ወተት የሚቀርበው ማንጎና ተጣባቂ ሩዝ ጾም ነው። የአኩሪ አተር ወተት ግን አንዳንዱ የላም ወተት ዱቄት ስላለበት የጄ ምልክት ያለውን ምረጪ። ሚጥሚጣ ለምጃለሁ ብለሽ «ፔት» አትበዪ፤ የእነሱ ትንሿ ቃሪያ ጥሬዋን ነው የምትገባው፣ ዘግይታ ነው የምትነድደው። «ማይ ፔት» በይ።

የቧንቧ ውሃ አይጠጣም። መሐሉ ቀዳዳ ያለው ክብ በረዶ ከፋብሪካ የመጣ ስለሆነ አያሰጋም።

ሰላም_ለሁሉ

ለሙስሊም ወገኖች በአጭሩ፦ ናና አካባቢ ሱኩምቪት ሶይ 3/1 የዓረብ ምግብ ቤቶች የሞሉበት ነው፣ ቻሮን ክሩንግ መንገድ ላይ ደግሞ ሐሩን መስጊድና ዙሪያው ያሉት የሐላል ቤቶች አሉ። የታሸገ ነገር ላይ የሐላሉ ማህተም በግልጽ ይታተማል።

ሶይ_ቆጣሪ

ሰዓት ከተነሳ አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ታዮች በንግግር ምሽቱን የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። «ሶንግ ቱም» ቃል በቃል ሁለት ሲሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው፤ «ሃ ቱም» አምስት ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት። እስከ እኩለ ሌሊት በትክክል ይገጥማል። ከሰዓት በኋላ ግን ይፈርሳል፤ «ባይ ሶንግ» የእኛ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሰው ጋር ስትቀጣጠሪ ቁጥሩን በ24 ሰዓት አጻፊያቸው። የዓመተ ምሕረቱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የእነሱ ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል። ወተት ላይ 2568 የሚል ቀን ብታዪ እ.ኤ.አ. 2025 ነው።

ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያና መናፈሻ ውስጥ ብሔራዊ መዝሙሩ ሲሰማ ሁሉም ቀጥ ይላል። አብረሽ ቁሚ።

ሐዲድ

ለብቻዋ የምትሄድ ሰው የመጀመሪያ ጠዋቷን የምታውለው ግራንድ ፓላስ የሚሉት የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ጋ ስለሆነ፦ ኤምአርቲ ሳናም ቻይ ውረጂ። ትኬቱ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 9፡30 ይሸጣል፣ 500 ባህት ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው። እጅጌ የሌለው ልብስ ላይ ነጠላ ወይም ሻርፕ ብደርብ ያልፋል አትበዪ፣ በሩ ላይ ሊመልሱሽ ይችላሉ። እጅጌ ያለው ልበሺ።

እዚያ ያለው ማታለል የቆየ ነው፣ የሚሠራበትም ምክንያት አለው። ግቢው ሰፊ ስለሆነ የአጥሩ ዙሪያ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ በሮቹም ብዙ ናቸው። ጎብኚ የሚገባው በሰሜን በኩል ና ፕራ ላን መንገድ ላይ ባለው በር ነው። አጭበርባሪው የሚቆመው ለጎብኚ በማይከፈተው በር አጠገብ ነው። «ዛሬ ዝግ ነው፣ እስከ ከሰዓት ሥነ ሥርዓት አለ» ሲልሽ በሩ በእርግጥም ዝግ ስለሆነ ታምኚዋለሽ። ከዚያ በ20 ባህት ብቻ ከተማውን የሚያዞርሽ ቱክቱክ፣ የእኛው ባጃጅ፣ ይመጣል፤ የሚያደርስሽ የዕንቁ መሸጫና የልብስ ስፌት ቤት ነው፣ ከዚያ ኮሚሽን ያገኛል። መልስ ሳትሰጪ አጥሩን ይዘሽ ወደ ሰሜን ቀጥዪ።

ከዚያ ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ በእግር ይደረሳል፤ 46 ሜትር የሚረዝመው የተጋደመ ቡድሃ ያለበት ነው። ቀጥሎ ከታ ቲየን መርከብ ማረፊያ በጥቂት ባህት ወንዙን ተሻግረሽ ሌላው ቤተ መቅደስ ዋት አሩን። ጫማ ማውለቁን ከቤታችን እናውቀዋለን። የበሩን ደፍ አትርገጪ፣ ተራመጅው። ሴት ልጅ መነኩሴን አትነካም፤ ዕቃ ብትሰጪ እንኳ በእጁ ሳይሆን አጠገቡ አስቀምጪለት።

ስትመለሺ የወንዙን ጀልባ ያዢ። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው የሕዝቡ ነው፣ 16 ባህት አካባቢ፤ ማረፊያው ላይ የሚጣሩት ሰማያዊ ባንዲራ ያለውን የቱሪስቱን ጀልባ ነው የሚሸጡልሽ፣ እሱ ይወደዳል። ሳቶን ላይ ስትወርጂ ቢቲኤስ ሳፋን ታክሲን ደጅሽ ነው።

የቦሌ_መንገደኛ

አደይ አበባ ጎብኚ ናት። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ለሥራ ብሎ ብቻውን ወደ ባንኮክ የሚነሳ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ልናገር።

«የኮምፒውተር ሥራ፣ ደመወዝ በዶላር፣ ቲኬቱን እኛ እንቆርጣለን፣ ኢሚግሬሽን ላይ ቱሪስት ነኝ በል» የሚል ጥሪ ሲመጣ መንገዱ ባንኮክ ላይ አያበቃም። ኤርፖርት የሚቀበል መኪና ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳና ሜ ሶት ድንበር ያደርሳል፤ ከወንዙ ማዶ ምያንማር ውስጥ ሰው እያስገደዱ በኢንተርኔት የሚያጭበረብሩ ግቢዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ከዚያ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ልኩን ያዙ፦ ከሱቫርናቡሚ እስከ መሐል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ትራፊክ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል። መኪናው ሁለት ሰዓት ነድቶ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ የመንገዱ ሰሌዳ ናኮን ሳዋን ወይም ታክ ካለ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ ሰው ወዳለበት ውረዱ፣ 1155 ደውሉ። የቱሪስት ፖሊስ ነው፣ በእንግሊዝኛ ያነጋግራል፣ ሌሊትም ይሠራል። ፓስፖርትና ስልክ ለማንም «ለማስቀመጥ» አይሰጥም።

አደይ_አበባ

ይህን ለታናሽ ወንድሜ ጓደኞች አሁኑኑ እልካለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ልብስ ብገዛ ቀረጡን ይመልሳሉ የተባለው እንዴት ነው?

ሒሳብ_ወዳድ

በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ 2000 ባህትና ከዚያ በላይ ከገዛሽ፣ ሱቁም የቫት ተመላሽ ምልክት ካለው ነው። ፕራቱናም ገበያ ጎዳና ላይ የሚሸጡት ፎርሙ የላቸውም። ፎርሙን ፓስፖርት አሳይተሽ በገዛሽበት ቀን አስሞዪ። የጉምሩክ ማህተም የሚያስፈልገው ግዢ ከሆነ፣ ስትመለሺ ኤርፖርቱ 4ኛ ፎቅ ላይ ሻንጣውን ከማስረከብሽ በፊት ለጉምሩክ አሳይተሽ ማህተም አስመቺ፤ ዕቃውን ሊያዩት ይችላሉና ከላይ አድርጊው። የሚያስፈልገውን ማህተም ሳታስመቺ ሻንጣሽ ከሄደ ገንዘቡም ሄደ። ገንዘቡን የምትቀበይው ከኢሚግሬሽን አልፈሽ ወደ ውስጥ ከገባሽ በኋላ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ከተለመደው ሰዓትሽ አንድ ሰዓት ጨምረሽ ውጪ።